ስለ ከርሠ ምድር ውኃ ሒሳብ፤ በመስኖ እርሻ ስለሚገኘው ጥቅምና ስለሚከተለው ዕዳ

የአገር ሀብት በእርሻ፣ የእርሻም ሀብት በውኃ መሆኑ ማስረጃ የማያስፈልገው ነገር ነው። ዝናም ሲጠፋ ወይም ጊዜውን ሲያሳልፍ ገበሬው ዐይኑን ከሰማይ ወደ ምድር መልሶ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ውኃም አግኝቶ በበጋ ሲያለማ ያየው ጐረቤቱ እርሱም ይቈፍራል። ይህ ትጋት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሀብቱ ከዐይን የተሰወረ ስለ ሆነ ሒሳቡም ተሰውሮ ይኖራል፤ ስለዚህ ብዙ አገሮች የውኃውን መዝገብ መያዝ የጀመሩት ውኃው ሊያልቅ ከተቃረበ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ አገር ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት፣ ሰፊ እርሻ የሚያሳርሱም ሰዎች፣ ከምድር በታች ያለውን ውኃ እንደ ጐተራ እህል ቈጥረው ገቢውንና ወጪውን በጊዜው እንዲያውቁት ማስረዳት ነው። የኢትዮጵያ ነገር በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የውጭ አገር ነገር በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል።

አንደኛ፤ የከርሠ ምድር ውኃ ምን እንደ ሆነ

ብዙ ሰው ከምድር በታች ያለው ውኃ በዋሻ ውስጥ እንደ ሐይቅ ተኝቶ፣ ወይም እንደ ወንዝ እየፈሰሰ የሚኖር ይመስለዋል። እንደዚህ ያለ ስፍራ በኖራ ድንጋይ አገር አልፎ አልፎ ይገኛል፤ አብዛኛው ውኃ ግን የሚኖረው በአሸዋና በጠጠር መካከል ባለው ክፍተት፣ በተሰነጣጠቀም ዐለት ውስጥ ነው። አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ላይ ውኃ ቢያፈሱ ውኃው ከአሸዋው መካከል ይገባል፤ ማሰሮውን ከታች ቢበሱት ደግሞ ቀስ እያለ ይወጣል። የምድርም ውኃ እንዲሁ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሹም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማሰሮውን የሞላው አሸዋ እንጂ ውኃ ስላልሆነ፣ ከመሬቱ ውፍረት ተስቦ ሊወጣ የሚችለው ውኃ ጥቂት ነው። ከጥሩ አሸዋ ከ10 እጅ 2 እጅ ያህል ይገኛል፤ ከብዙው መሬት ግን ከ10 እጅ 1 እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከ10 እጅ 1 እጅ በሚሰጥ መሬት ላይ፣ ሸለቆውን ሁሉ 1 ሜትር ከፍታ የሚያለብስ ውኃ ቢሳብ፣ በጕድጓዶቹ ውስጥ ያለው ውኃ የሚወርደው 1 ሜትር ሳይሆን 10 ሜትር ነው። በላይ ትንሽ የሚመስለው ወጪ በታች እጅግ ብዙ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

የዚህ ጐተራ ገቢ ክረምት ነው። ከዝናሙ ከፊሉ በጐርፍ ይሄዳል፤ አያሌውም በፀሐይ ይተናል፤ ሣርና ዛፍም ይጠጡታል፤ የተረፈው ጥቂቱ ወደ ምድር ይሰርጋል። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ሸለቆ በዓመት 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢሰርግ፣ ገበሬዎቹም ከጕድጓዶቻቸው 20 ሳንቲ ሜትር ቢያወጡ፣ የዓመቱ ዕዳ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ በተነገረው ሒሳብ ይህ ዕዳ የጕድጓዶቹን ውኃ በዓመት 1 ሜትር፣ በ10 ዓመት 10 ሜትር ያወርደዋል።

ደግሞም የሰረገው ሁሉ ያለ ባለቤት የተቀመጠ ትርፍ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በበጋ የሚፈልቁት ምንጮች፣ ዝናም በሌለበት ወራት የማይደርቁት ወንዞች፣ በቈላ ያሉትም ሐይቆች ብዙዎቹ የሚኖሩት ከዚሁ ጐተራ በሚወጣ ውኃ ነው። የገባውን ያህል ሁሉ በሞተር የሚያወጣ ሸለቆ ጐተራውን አላጐደለ ይሆናል፤ ምንጩን ግን ያደርቃል። ስለዚህ ሹሙ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ምን ያህል ይገባል? ከሚገባውስ የማን ድርሻ ነው?

ሁለተኛ፤ ውኃን ወደ ላይ የማውጣት ዋጋ

1 ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ሊትር ሲሆን ክብደቱ 10 ኩንታል ነው። በበጋ አንድ ሄክታር ለማጠጣት 6,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል ብንል፣ ገበሬው ከጕድጓዱ የሚያወጣው ሸክም 60,000 ኩንታል ነው። ይህን የሚሸከምለት ሞተር ነው፤ ሞተሩንም የሚቀልበው ነዳጅ ነው። መሳቢያው ከተሰጠው ኀይል እኩሌታውን ብቻ ለውኃው ቢያደርስ፣ አንድ ሊትር ናፍጣም 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሥራ ቢሰጥ፣ ውኃው 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲሆን ለአንዱ ሄክታር 130 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበቃል። ውኃው ወደ 40 ሜትር ቢወርድ ግን ለዚያው ሄክታር፣ ለዚያው አዝመራ፣ 520 ሊትር ያስፈልጋል። እህሉ አልጨመረም፤ የጨመረው ወጪው ብቻ ነው።

የሞተሩም ዐይነት የራሱ ወሰን አለው። ከምድር ላይ ተቀምጦ ውኃ የሚመጥ ትንሽ ሞተር ውኃውን በራሱ ጕልበት ወደ ላይ አይጐትተውም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ፣ በውጭ ያለው የአየር ክብደት ውኃውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር እንኳ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ አየሩ ስለሚሣሣ ይህ ወሰን ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ሲታይ ግን ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ መምጠጥ ይቸግረዋል። ውኃው ከዚህ በታች በወረደ ቀን ሞተሩ ሳይበላሽ ሥራውን ይተዋል። ገበሬውም ደረጃ ቈፍሮ ሞተሩን ወደ ጕድጓዱ ውስጥ ያወርደዋል። ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው፤ ከሞተሩ ጢስ ጋራ የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጕድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ወደ ሞተሩ የወረደውን ሰው፣ እርሱንም ሊያወጣ የገባውን ሁለተኛውን ሰው ይገድላል። ሹማምንት ይህን ሥራ ሳያወላውሉ ሊከለክሉት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገድ ጥልቅ ጕድጓድ በመሣሪያ ማስቈፈርና ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚገፋ መሳቢያ መግዛት ነው። ይህን ለማድረግ የሚችለው ገንዘብ ያለው ሰው ነው። እርሱም ከጥልቁ ሲስብ በዙሪያው ያለው ውኃ ወደ እርሱ ጕድጓድ ያዘነብላል፤ በአጠገቡ ያሉት በእጅ የተቈፈሩ ጕድጓዶችም ይደርቃሉ። ስለዚህ የውኃ መውረድ ሁሉን በአንድ ቀን አይጐዳም፤ አስቀድሞ በገመድና በባልዲ የሚቀዳውን ድኻ፣ ቀጥሎ ባለ ትንሹን ሞተር፣ በመጨረሻ ባለ ጠጋውን ይጐዳል።

ሦስተኛ፤ አንዱ ገበሬ ብቻውን ስለ ምን እንደማይቈጥብ

ከጕድጓድ የሚወጣ ውኃ ሦስት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ባለ ጕድጓዱ ራሱ የሚከፍለው የነዳጅና የሞተር ዋጋ ነው። ሁለተኛው የእርሱ ስበት የጐረቤቶቹን ውኃ በማውረዱ እነርሱ የሚጨምሩት ወጪ ነው። ሦስተኛው ዛሬ የወጣው ውኃ ነገ ስለማይገኝ፣ በክፉ ቀን የሚጐድለው እህል ዋጋ ነው። ገበሬው በልቡ የሚያሰላው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህም ከክፋት ወይም ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ከአንድ ጐተራ የሚቀዱ 10 ሰዎች ካሉ፣ አንዱ ዛሬ ቢቈጥብ የቈጠበውን ሌሎቹ ዘጠኙ ይስቡታል፤ የቈጣቢነቱ ዋጋ ባዶ እጅ ይሆንበታል። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ሁሉም ይቸኵላል።

አባቶች ለወንዝ ውኃ ይህን በሽታ መድኀኒት አግኝተውለታል። የውኃ አባት ተመርጦ ተራ ይሰጣል፤ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል፤ ቦዩን ሁሉ በአንድነት ያስጠርጋል። በትግራይም አቦ ማይ የሚባለው ይህንኑ ይሠራል። ይህ ሥርዓት የሚጸናው ግን በወንዝ ላይ በደሉ ስለሚታይ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ቢያጥፈው ከታች ያለው እርሻው ሲደርቅ ያያል፤ ወጥቶም ይከሳል። ከምድር በታች ግን የላይና የታች የለም፤ ቦይም አይታይም፤ ጕድጓዱ የደረቀበት ሰው የሚከሰው ሰው አጥቶ ዝናሙን ይከሳል። ስለዚህ ለከርሠ ምድር ውኃ ዐይን የሚሆነው መለኪያ ነው፤ ያለ መለኪያ የውኃ አባት ሊፈርድ አይችልም።

ሦስተኛውን ዋጋ በተለይ መግለጽ ያስፈልጋል። በከርሠ ምድር ያለ ውኃ በፀሐይ ብዙ አይተንም፤ ዓመት ካለፈም አይበላሽም። በመልካም ዓመት ዋጋው ጥቂት ነው፤ እንደ 1977 ወይም እንደ 2008 ዓ.ም. ያለ ድርቅ በመጣ ጊዜ ግን ሰውንና ከብትን የሚያተርፈው እርሱ ነው። በጥጋብ ዓመት ለትርፍ ተብሎ ያለቀ ጐተራ በረኃብ ዓመት ባዶውን ይገኛል። ስለዚህ ውኃውን ሳይነኩት መተው ሞኝነት እንደ ሆነ ሁሉ፣ በየዓመቱ እስከሚቻለው ድረስ መሳብም ዘሩን እንደ መብላት ነው።

አራተኛ፤ የሐረማያ ሐይቅ ምሳሌ

ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የሐረማያ ሐይቅ ነበረ። ሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከእርሱ ነው፤ የሐረማያና የአወዳይ ከተሞች፣ የእርሻውም ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ይቀዱ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ከሐይቁና በዳርቻው ከቈፈሯቸው ጕድጓዶች በሞተር እየሳቡ ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት ያጠጡ ነበር። በተለይ ጫት በበጋ ቅጠሉ ሲወደድ ስለሚሸጥ፣ ለነዳጅ የወጣውን ገንዘብ ወዲያው ይመልሳል።

ከሐይቁም ሆነ ከዳር ጕድጓዶች የሚወጣው ውኃ አንድ ነው፤ የሐይቁ ፊት ማለት የከርሠ ምድሩ ውኃ ወደ ውጭ የታየበት ስፍራ ነውና። በአንድ ወገን ከተሞቹ፣ በአንድ ወገን ሞተሮቹ፣ በአንድ ወገን ፀሐይ ከአንድ ዕቃ ሲጠጡ፣ ከተራሮቹ የሚወርደው ጐርፍ ደግሞ አፈር እያመጣ ሐይቁን ደለል ሞላው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በሐይቁም ወለል ላይ እንደ ገና ጕድጓድ ተቈፈረ።

የዚህ ነገር ሒሳብ በሐረር የውኃ መሥመር ላይ ይታያል። ከተማይቱ በቅርቧ ያለውን ውኃ ካጣች በኋላ፣ በድሬ ዳዋ ቈላ ከተቈፈሩ ጥልቅ ጕድጓዶች ውኃ ተስቦ ቢያንስ 800 ሜትር ሽቅብ እንዲወጣላት ተደረገ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 800 ሜትር ለማውጣት፣ መሳቢያው ምንም ሳያባክን ቢሠራ እንኳ፣ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ ኀይል ይፈጃል። ይህ ወጪ ዕለት ዕለት የሚከፈል ነው። ጫቱን የሸጠው ገበሬ ይህን ዋጋ አልከፈለም፤ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው ዋጋ ከላይ የተባለው ይህ ነው።

ተስፋ ግን አልተቈረጠም። በተራሮቹ ላይ እርከን ሲሠራና ዛፍ ሲተከል፣ ዝናሙም ሲበረታ፣ ከ2010ሮቹ መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ ውኃ ወደ ሐይቁ ተመልሶ ታይቷል። ነገር ግን የተመለሰው ውኃ ያለ ልክ ከተሳበ የቀድሞው ታሪክ መደገሙ አይቀርም። በራያና በቆቦ ሸለቆዎች ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፍረው መስኖ ለምቷል፤ በየአገሩም የበጋ መስኖ ስንዴ እየተስፋፋ ነው። ስለዚህ የሐረማያ ነገር ለአንድ አውራጃ ብቻ የተነገረ ትምህርት አይደለም።

አምስተኛ፤ ሌሎች አገሮች ያዩት

በአሜሪካ አገር ከደቡብ ዳኮታ እስከ ቴክሳስ በ8 ግዛቶች ሥር የተዘረጋ ኦጋላላ የሚባል የከርሠ ምድር ውኃ አለ፤ ስፋቱ 450,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍራንክ ዛይባክ የተባለ የኮሎራዶ ገበሬ እንደ ሰዓት ዘንግ እየዞረ የሚያጠጣ መሣሪያ ፈልስፎ በ1952 የባለቤትነት ደብዳቤ ካገኘበት ጊዜ ወዲህ፣ ደረቁ ሜዳ የበቈሎና የስንዴ አገር ሆነ። በደቡቡ ክፍል ግን ከዝናም የሚሰርገው ውኃ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በቴክሳስ አንዳንድ ስፍራ ውኃው ከ30 ሜትር የበለጠ ወርዷል። በዚያ ግዛት የ1904 የፍርድ ውሳኔ ከመሬቱ በታች ያለውን ውኃ የሳበ ሁሉ የራሱ ያደርገዋል የሚለውን ሥርዓት ስላጸና፣ ፍጥነት እንጂ ቍጠባ የሚያተርፍ አልሆነም።

በካንሳስ ደግሞ መንግሥት ለገበሬዎች ገንዘብ እየረዳ፣ ውኃውን ወደ ሰብሉ አቅርቦ ያለ ብክነት የሚያጠጣ አዲስ አፍንጫ በመሣሪያዎቻቸው ላይ እንዲያደርጉ አደረገ። ዐሳቡ ውኃ ለመቈጠብ ነበር። በ2014 የወጣው የሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ጥናት ግን የተሳበው ውኃ እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም እንደ ጨመረ ገለጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ የሚያተርፈው በበዛ ጊዜ ገበሬው ብዙ ውኃ የሚጠጣ ሰብል ዘራ፤ የሚያጠጣውንም መሬት አሰፋ። ጄቮንስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ ከሰልን በቍጠባ የሚያነድ ሞተር ሲመጣ የሚነደው ከሰል በዛ እንጂ አላነሰም።

በዚህ ላይ ሌላ ምስጢር አለ። በድሮው ቦይ ሲጠጣ ሰብሉ ሳይጠጣው ያለፈው ውኃ ጠፋ ይባላል፤ በብዙ ስፍራ ግን ወደ ምድር ሰርጎ ወደ ጐተራው ይመለሳል። በጠብታ መስኖ ይህ የሚሰርገው ውኃ ይቀራል። የተረፈው ውኃ ለሌላ ተጨማሪ ማሳ ከዋለ፣ በመሣሪያው ላይ ቍጠባ የተባለው በሸለቆው ሒሳብ ላይ አዲስ ወጪ ነው። ከሸለቆው በእውነት የሚጠፋው ውኃ በቅጠልና በአፈር ላይ ተንኖ ወደ ሰማይ የሚሄደው ነው። መልካም መሣሪያ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ነዳጅና ድካም ይቀንሳል፤ ውኃን የሚቈጥበው ግን ልክ ሲበጅለት ብቻ ነው።

ልክ ማበጀት የሚቻል መሆኑን ያሳዩት ደግሞ እነዚያው የካንሳስ ገበሬዎች ናቸው። በግዛቱ ሰሜን ምዕራብ ሸሪዳን 6 በሚባለው፣ 256 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ስፍራ ያሉት ገበሬዎች ተሰብስበው መከሩ፤ የቀድሞውን ስበት ከ100 እጅ 20 እጅ ለመቀነስ ተስማሙ፤ መንግሥትም ስምምነታቸውን ሕግ አድርጎ ከ2013 እስከ 2017 አጸናላቸው። የተሰጣቸው ድርሻ በ5 ዓመት ውስጥ 140 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ነበር። በድርቅ ዓመት ብዙ፣ ዝናም በበዛበት ዓመት ጥቂት እያጠጡ ድርሻቸውን ራሳቸው እንዲያከፋፍሉት ተፈቀደላቸው። በፍጻሜው ሲመረመር ስበቱ ከታሰበው በልጦ ከ100 እጅ 26 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ በአብዛኛውም የቀነሱት ያለሙትን መሬት ሳይሆን በየማሳው የሚያፈሱትን ውኃ ነበር። የአዝመራቸው መጠን በጥቂቱ ቢያንስም የነዳጅና የዘር፣ የማዳበሪያም ወጪያቸው ስለ ቀነሰ ትርፋቸው አልጐደለም። ጊዜው ሲያልቅም ስምምነቱን አሳደሱት።

በሕንድ አገር የፑንጃብ ግዛት በ1997 ለእርሻ መሳቢያ የሚሆነውን የኤሌክትሪክ ኀይል በነጻ አደረገ። የመጀመሪያው ዋጋ ከጠፋ በኋላ የሚያቆም ነገር ስላልነበረ፣ ሩዝ በብርቱ በጋ እየተተከለ ውኃው ወረደ። በ2009 ግዛቱ የሩዝ ተከላ ጊዜ ወደ ክረምቱ እንዲጠጋ በሕግ አዘዘ። ነገር ግን ተከላው ሲዘገይ አጨዳውም ስለ ዘገየ፣ ገበሬዎች ስንዴ ለመዝራት ሲቸኵሉ ገለባውን ባንድ ጊዜ ያቃጥሉት ጀመር፤ ጢሱም ለከተሞች ሌላ ችግር ሆነ።

የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት በበኩሉ ስንዴን ከዓለም ገበያ በእጅጉ በሚበልጥ ዋጋ እየገዛ በበረሓ አስዘራ፤ በ1992 ገደማ አዝመራው በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። ያ ውኃ ግን በጥንት ዘመን የተጠራቀመ እንጂ በየዓመቱ የሚተካ አልነበረም። ስለዚህ መንግሥቱ በ2008 ግዢውን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ወስኖ በ2016 አቆመ። ስንዴን ከውጭ መግዛት የማይመለሰውን ውኃ ከመሸጥ እንደሚሻል በሒሳብ ተረድቷልና።

ስድስተኛ፤ ለአገር ገዥዎችና ለወረዳ ሹማምንት የሚገባው ሥራ

ሕጉ አስቀድሞ ተደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 197 የውኃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ፣ በምድር ላይም በምድር ውስጥም ያለ ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ የቤት ውኃ እንደሚቀድም ይናገራል። እንግዲህ የእርሻ ይዞታ ያለው ሰው ከይዞታው በታች ያለው ውኃ ሁሉ የእኔ ነው ለማለት አይችልም። ይኸው ዐዋጅ በእጅ ለሚቈፈር ጕድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ይህ ለድኻው የተደረገ ቸርነት ነው፤ ነገር ግን በእጅ በተቈፈረ ጕድጓድ ላይ ሞተር ሲተከል፣ እንደዚህ ያለውም ጕድጓድ በአንድ ቀበሌ በብዙ መቶ ሲቈጠር፣ ከመዝገብ የማይታይ ትልቅ ስበት ይሆናል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የወረዳው ትጋትና የሕዝቡ ስምምነት ነው። ስለዚህ የሚከተለው ሥራ ይገባል።

1. ጕድጓዶችን መቍጠር። በየቀበሌው ያለው ጕድጓድ ሁሉ የተቈፈረበት ዓመት፣ ጥልቀቱ፣ የመሳቢያው ዐይነትና የሚያጠጣው መሬት ስፋት ይጻፍ። መዝገቡ ለግብር ይሆናል ተብሎ ከተጠረጠረ ሕዝቡ ይደብቃል፤ ስለዚህ ለምን እንደሚጻፍ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

2. ውኃውን መለካት። በየቀበሌው ጥቂት ጕድጓዶች ተመርጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምት ክረምቱ ካለፈ በኋላና በግንቦት የበጋው ስበት ሲያበቃ፣ ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ ይለኩ። የሚለኩት ሞተሩ ሌሊቱን ካረፈ በኋላ፣ በማለዳ ነው። የጥቅምቱ ልክ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ከሄደ ሸለቆው ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ይህ ሥራ ገመድ፣ ደብተርና ታማኝ ሰው እንጂ ሌላ አይፈልግም።

3. የመጠጥ ውኃን ማስቀደም። ሰውና ከብት የሚጠጡበት ጕድጓድና ምንጭ በሚገኝበት አጠገብ ሌላ ጕድጓድ ለመስኖ እንዳይቈፈር በሕዝቡ ስምምነት ርቀቱ ይወሰን።

4. ልኩን ከሚቀዱት ጋራ መወሰን። ከላይ የወረደ ትእዛዝ ብቻውን ከሌሊት ስበት አያድንም። የጕድጓድ ባለቤቶች ተሰብስበው የውኃ አባት ይምረጡ፤ የልኬቱ ደብተር በፊታቸው ይነበብ፤ የሞተር ሰዓት ወይም የሚያጠጡት መሬት ስፋት ይወሰን። እንደ ሸሪዳን 6 ገበሬዎች ልኩ ለብዙ ዓመት ቢሰጥ፣ ድርቁ በጸናበት ዓመት ገበሬው ራሱን ለማዳን ስፍራ ያገኛል።

5. ሞተርን ከመዝገብ ጋራ ማከፋፈል። የፀሐይ ኀይል መሳቢያ መልካም ዕቃ ነው፤ ነዳጅ አይፈልግም፤ ጢስም የለውም። ነገር ግን ከተገዛ በኋላ ዕለት ዕለት የሚከፈል ዋጋ ስለሌለው፣ እንደ ፑንጃብ ነጻ ኤሌክትሪክ ገበሬውን አቁም የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሳቢያ በርዳታም ሆነ በብድር ሲሰጥ፣ የጕድጓዱ መመዝገብና የልኩ ስምምነት አብረው ይሂዱ።

6. ገቢውን ማብዛት። በተራራው እርከን መሥራት፣ ዛፍ መትከል፣ ጐርፉን በትንንሽ ግድቦችና በኵሬዎች አግዶ ወደ ምድር እንዲሰርግ ማድረግ ጐተራውን ይሞላል። ይሁን እንጂ ገቢው በጨመረ ልክ ወጪውም እንዲጨምር ከተተወ ድካሙ ከንቱ ነው።

7. በጥቂት ውኃ ብዙ የሚያተርፈውን ማስተማር። በማታ ወይም በማለዳ ማጠጣት፣ አፈሩን በገለባ መሸፈን፣ በአበባና በፍሬ ጊዜ ውኃ እንዳይጐድል መጠበቅ፣ ፍሬው ከደረሰ በኋላ ግን ማቆም፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ገንዘብ የሚደረጉ ናቸው።

እነዚህን ነገሮች ለማድረግ የሚቀለው ጕድጓዶቹ ጥቂት፣ ሞተሮቹም አዲስ በሆኑበት ጊዜ ነው። በአንድ ቀበሌ 20 ጕድጓድ ሲኖር 20 ሰው በአንድ ዛፍ ጥላ ተሰብስቦ ይስማማል፤ 2,000 ጕድጓድ በሆነ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሰው ብድር ተበድሮ፣ ጫት ወይም ብርቱካን ተክሎ፣ ልጆቹን በዚያ እያሳደረ ስለሚገኝ፣ ልክ ይበጅ የሚለው ቃል እንጀራህን ቀንስ እንደሚለው ቃል ይሰማዋል። ያን ጊዜ ሹሙ የሚያስታርቀው በሌለው ውኃ ላይ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንዲሉ፣ በመጪው ጥቅምት የመጀመሪያውን ገመድ ወደ ጕድጓድ የሚያወርድ ወረዳ በግንቦት ሁለተኛውን ቍጥር ያገኛል፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ከዕዳ ጋራ ወይም ያለ ዕዳ መኖሩን ለይቶ ያውቃል።